በመታጠፊያው ላይ የተቋረጠው ቫልስ

ያስና የልጇን የጫማ ክር ልታስር ባትጎነበስ ኖሮ እንደ ሌላው ሰው ባሕሩን እያየች ታልፍ ነበር። ጎንበስ ስትል ግን ዓይኗ በአጥሩ እንጨት ስር ሾልኮ ቁልቁል ወረደ። እታች፣ በዐለቶቹ መካከል፣ ቀይና ቢጫ የወረቀት አበቦች በነፋሱ ይሽከረከራሉ። ማማራቸው ገርሟት ፈገግ አለች። ከአበቦቹ ስር ቡናማ ኮት፣ ከኮቱ እጅጌም የወጣ እጅ ያየችው ከዚያ በኋላ ነው። የልጇን ፊት በቀሚሷ ሸፈነችና ጮኸች።

እሑድ ጠዋት ነበር። ኢንስፔክተር ኦፌሊያ ባሪየንቶስና ሳጅን ዋልዶ ከዓሣ አጥማጆቹ መንደር ተነስተው በእግራቸው መጡ። በዚያ መንገድ መኪና አይገባም። ድሮ የባቡር ሐዲድ ነበር፤ ባቡሩ ከቆመ በኋላ ብረቱ ተነስቶ፣ ጠጠር ተደልድሎበት፣ የወደብ ከተማዋ የቫልፓራይሶ ሰው እሑድ እሑድ ከነቤተሰቡ የሚንሸራሸርበት ሆነ። ዳገት የለው፣ ቁልቁለት የለው፤ ከመንደሩ ተነስቶ የባሕሩን ዳር ይዞ እስከ አሮጌው የመብራት ማማ ይሄዳል። የሕፃን ጋሪ የሚገፋውም ምርኩዝ የያዘውም እኩል ይደርሳል።

"ጡረታዬ ሲቃረብ ሰው ሁሉ መኪና በማይገባበት ቦታ መሞት ጀመረ" አለ ሳጅን ዋልዶ፣ ቆም ብሎ ጫማውን እያላላ።

"ሜዳ ነው እኮ ዋልዶ። ሕፃናት የሚሮጡበት መንገድ ነው።"

"ሕፃናቱ የኔን ተረከዝ አልተሸከሙትማ።"

ኦፌሊያ አልሳቀችም። ዓይኗ መንገዱ ላይ ነበር። በልጅነቷ እሑድ የመጣ እንደሆነ አባቷ ትከሻው ላይ ያስቀምጣትና እያፏጨ እዚህ ያመጣት ነበር። አባቷ ወደብ ላይ የክሬን ሠራተኛ ነበር፤ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነበር የሷ የሚሆነው። ከዚያ በድንገት መምጣት ተዉ። እሑድ ወደ መናፈሻው መሄድ ጀመሩ። ለምን ብላ አልጠየቀችም፤ ልጅ ነበረች፣ መናፈሻው ውስጥ ደግሞ ዥዋዥዌ ነበረ። አሁን ሠላሳ ምናምን ዓመት አልፎ የባሕር አረሙ ሽታ ገና ከሩቅ ሲቀበላት፣ አገጯን የአባቷ ኮፍያ የሚፍቃት መሰላት።

መታጠፊያው ላይ መንገዱ ዐለቱን ተጠግቶ ይዞራል። አጥሩ ዝቅ ያለ ነው፤ ለአዋቂ ሰው ከጉልበት እምብዛም አያልፍም። ከሱ በታች የሁለት ሰው ቁመት ያህል ገደል፣ ከገደሉ በታች ዐለት፣ ከዐለቱ በታች ባሕር።

ሟቹን ያላወቀው አልነበረም። ኒካኖር ኦልጊን ነው፤ ኦርጋን አዟሪው። ዕድሜውን ሙሉ እጀታው ሲዞር ዜማ የሚያወጣውን የሣጥን ኦርጋኑን በአንዲት ጋሪ ላይ እየገፋ፣ እጀታውን እያዞረ፣ ለልጆች የወረቀት አበባ እየሸጠ፣ በቀቀኑ በአፏ የዕጣ ወረቀት እያወጣችለት በዚያ መንገድ ላይ ያረጀ ሰው። የአበቦቹ መስቀያ አብሮት ወድቋል። ኦርጋኑ ግን የለም።

የአስከሬን መርማሪው ሐኪም ከታች ወጥቶ እጁን ጠረገ። "ወደ ኋላ ነው የወደቀው። ጭንቅላቱ ነው የመታው፤ ብዙም አልቆየም። የድብደባ ምልክት የለበትም። ቀኝ መዳፉ ብቻ ተልጧል፣ ጨብጦ የያዘው ነገር በጉልበት የተነጠቀ ይመስላል።"

"ኦርጋኑን ሊቀሙት ሲሉ ታግሎ ይሆናላ" አለ ሳጅን ዋልዶ።

"ሊሆን ይችላል። ደግሞ ሌላ ነገር አለ" አለ ሐኪሙ። "ዓይኑ ተከድኗል። እንዲህ የወደቀ ሰው ዓይኑን በራሱ አይከድንም። የሆነ ሰው ወርዶ ነው የከደነለት።"

ኦፌሊያ ዞር ዞር ብላ አየች። ከመንገዱ ማዶ፣ ነፋስ በማይደርስበት በኩል፣ ከአንድ ቁጥቋጦ ቅርንጫፍ ላይ የበቀቀኗ ጎጆ ተሰቅሏል። በቀቀኗ ማርኬሳ ትባላለች፤ ይህንንም መንገደኛው ሁሉ ያውቃል። ውሃዋ ሙሉ ነው። ከፍርግርጉ መሐል ደግሞ ገና ያልጠቆረ የፖም ቁራጭ ተሰክቷል።

"ሌባው ደግ ነው" አለ ሳጅን ዋልዶ። "ሰው ገድሎ፣ ኦርጋን ሰርቆ፣ ወፍ መግቦ የሚሄድ ሌባ በሥራ ዘመኔ አልገጠመኝም።"

"የጋሪው የጎማ ምልክትስ?"

"አለ፤ አንድ መቶ ያህል። የቫልፓራይሶ ሕፃን ሁሉ በጋሪ ያለፈበት ጠጠር ነው እኮ ኢንስፔክተር።"

*

በዚያ ጠዋት ቀድመው ያለፉትን መንገደኞች አንድ በአንድ ጠየቁ። ሁሉም ኦርጋኑን ሰምተናል አሉ። ለጤናው የሚሮጠው የባንክ ሠራተኛ "እንደ ወትሮው ያን ፈጣን የጭፈራ ዜማ፣ ፖልካውን ይጫወት ነበር" አለ። በየሳምንቱ ተያይዘው የሚመጡት ሁለት እህትማማቾች ደግሞ "ታንጎውን ነው እንጂ" ብለው እዚያው እርስ በርሳቸው ተከራከሩ። አንድ ሽማግሌ ሁሉንም ዘፈኖች በተራ እንደሰማ ምሎ ተናገረ፤ ቆይቶ ግን ባለቤቱ፣ ዛሬ ሳይሆን ሌላ እሑድ መሆኑን አስታወሰችው።

ያስና ለየት ያለ ነገር ተናገረች። ከደቡብ፣ ከቴሙኮ ከመጣች ወር አልሞላትም፤ መንገዱንም ከዚያ ቀን በፊት አይታው አታውቅም። ልጇን ታቅፋ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነበር።

"ሙዚቃ ሰምቻለሁ" አለች። "ገና ሩቅ ነበርኩ። እንዲያው ልብ የሚያባባ ነገር ነው። ደርሼ እሰማለሁ ብዬ የልጄን ጋሪ ቶሎ ቶሎ ስገፋ ተቋረጠ።"

"ዘፈኑ አለቀ ማለትሽ ነው?"

"አይ፣ አላለቀም። መሐል ላይ ነው የተቆረጠው። ሰው እያወራ አፉን ሲይዙት እንደሚሆነው።"

ከመታጠፊያው ጥቂት እልፍ ብሎ ሰው በአክብሮት ዶኛ የሚላት የኤልሲራ ጎጆ አለ፤ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የእንጨት መደርደሪያ፣ ከኋላው ማገዶና ዱቄት የሚቀመጥበት ማጀት። በባሕር ቀንድ አውጣ የተሞላ፣ ሳምቡሳ የመሰለ ኤምፓናዳ እየጠበሰች ትሸጣለች፤ በበጋ ደግሞ ቀዝቃዛ የኮክ ጭማቂ ከስንዴ ንፍሮ ጋር። ኦፌሊያ ከሩቅ አወቀቻት። ጸጉሯ ነጭ ሆኗል እንጂ ትከሻዋ፣ ሽርጧ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ መቆሟ ያው ነው። ድሮ የተሰበረውን የኤምፓናዳ ጠርዝ ለልጆች በነፃ ትሰጥ ነበር፤ "ለአፍ ማሟሻ" እያለች።

አሁን ለተደናገጡት እናቶች ውሃ እያደለች ነበር።

"ዶን ኒካኖርን ዛሬ አይተውታል?" አለች ኦፌሊያ።

"በጠዋት ሲያልፍ አይቼዋለሁ።"

"ሲጫወትስ ሰምተዋል?"

ኤልሲራ ብርጭቆውን አጠበች፣ ደፋች፣ እንደገና አጠበች። "አልሰማሁም ልጄ። ዘይት ሲንጫጫ ምን ይሰማል?"

*

የኒካኖር ልጅ ኢሪስ ኮረብታው ላይ፣ ወደቡን ቁልቁል የሚያይ ጠባብ ቤት ውስጥ ትኖራለች። ፖሊሶቹን ሻይና ዳቦ አቅርባ ተቀበለች፤ እሷ ራሷ ግን አልቀመሰችም።

"ከቤት አትውጣ ብዬዋለሁ" አለች። "ካለፈው ክረምት ጀምሮ አእምሮው ይሄድ ይመጣ ነበር። በእናቴ ስም ይጠራኛል። እናቴ ከሞተች ስንት ዓመቷ። አንድ ቀን ሻዩ ውስጥ ጨው ጨምሮ 'ባሕሩ ገባበት' ብሎኝ ሳቀ። መንገዱን ግን አይስትም። ኦርጋኑን ከያዘ እግሩ ራሱ ያደርሰዋል።"

"ጠላት ነበረው?"

"አባዬ? ማን ይጠላዋል?" የዳቦውን ሳህን ወደ ሳጅኑ ገፋ አድርጋ "አንድ ሰው አለ" አለች። "አሮጌ ዕቃ ነጋዴው ሊዮንሲዮ። ኦርጋኑን ካልሸጥክልኝ እያለ ሲመላለስ ከረመ። መጨረሻ ላይ አባዬ በሩን ሲዘጋበት 'ግድ የለም፣ ስትሞት በርካሽ አገኘዋለሁ' ብሎት ሄደ። እዚህ ቆሜ ሰምቼዋለሁ።"

ሳጅን ዋልዶ ዳቦውን አስቀመጠ።

ሰኞ ጠዋት ሊዮንሲዮን ያገኙት ሱቁ ውስጥ፣ በአሮጌ ሰዓቶችና በመርከብ መብራቶች መካከል ነው። ፀጉሩን በቅባት ያስተኛ፣ ነጭ መሐረብ ደረት ኪሱ ላይ የሰካ ሰው። የመጡበትን ሲነግሩት ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

"ተናግሬዋለሁ" አለ። "አፌ ክፉ ነው፤ ሚስቴን ጠይቋት። እሑድ ግን ጎረቤት ከተማ፣ ቪኛ ነበርኩ። የእህቴን ልጅ ክርስትና አነሳሁ። ከማለዳ ጀምሮ ቤተ ክርስቲያን፤ ሕፃኑ እላዬ ላይ አስመልሶብኝ ሰው ሁሉ ሲስቅብኝ ነው የዋለው። ቄሱም ምስክሬ ናቸው።"

"ሰው ልከህስ እንደሆነ?" አለ ዋልዶ።

ነጋዴው አዘነለት። "የሰው አገር ሰው ነው እንዴ አንተ? ያ ኦርጋን እኮ በድምፁ ይታወቃል። ማን ነው የሚገዛው? ማንስ ነው ደፍሮ የሚያዞረው? አንድ ዙር ሳያዞረው ጎረቤቱ ሁሉ 'የኒካኖር ነው' ይላል። የቤተ ክርስቲያን ደወል እንደ መስረቅ ነው።" ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "የፈለግኩት ለሽያጭ አይደለም። ልጅ ሆኜ እናቴ ታሰማኝ ነበር። እሱ ቢሞት ማን ይጠብቀዋል ብዬ ነው።"

ኦፌሊያ አመነችው፤ ቄሱን ጠይቃ ደግሞ እምነቷን አጸናች።

*

ኢሪስ አንድ ሌላ ነገር ነግራቸው ነበር፦ ኦርጋኑ ለጥገና ኪልፑዌ ከተማ ሰንብቶ ቅዳሜ ነው የተመለሰው። ሰኞ ከሰዓት በኋላ ወደ ጠጋኙ ወደ ዶን አንሴልሞ ሄዱ። የመኖሪያ ቤቱ ሳሎን በእንጨት ፍቅፋቂ ተሞልቷል፤ ሚስቱ እየጠረገች እሱ እየበተነ።

"ወናፉ ተቀዶ ነበር፤ እሱን ለጠፍኩ" አለ። "ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። ኒካኖር መጥቶ 'አንድ ዘፈን ጠፍቶብኛል፣ ማን እንደወሰደብኝ አላውቅም' አለኝ። የሽማግሌ ቅዠት መሰለኝ። ከፍቼ ሳየው እውነቱን ነው።"

ከመደርደሪያ ላይ አንድ አሮጌ የእንጨት በርሜል አወረደ፤ የዳቦ ሊጥ መዳመጫ የመሰለ፣ ዙሪያውን ጥቃቅን የመዳብ ሚስማሮች የተተከሉበት።

"ይኸውላችሁ፣ የሱም እንዲህ ያለ ነው። እያንዳንዱ ሚስማር አንድ ድምፅ ያስነሳል። የሱ በርሜል ላይ ያንድ ዘፈን ሚስማሮች በሙሉ የሉም። ያለቁ ወይም የተሰበሩ እንዳይመስሏችሁ። በጉጠት አንድ በአንድ ተነቅለዋል። የነቀለው ሰው ሥራ የሚያውቅ ነው፤ እንጨቱን እንኳ አልጫረውም። እኔ ቀዳዳዎቹን ተከትዬ አዲስ ተከልኩለት። ቅዳሜ እዚህ ሲሰማው አለቀሰ።"

"የምን ዘፈን ነው?"

"ቫልስ ነው፤ ጥንድ ጥንድ ሆነው እየተሽከረከሩ የሚጨፍሩበት። የድሮ ነገር፤ ስሙን እንጃ።" ዶን አንሴልሞ በከንፈሩ ማፏጨት ጀመረ።

ኦፌሊያ እጇን ከጠረጴዛው ላይ አነሳች። የሚያፏጨው ጠጋኙ አልመሰላትም። ከላይ የሚታያት ባሕር፣ ከሥሯ የሚወዛወዝ ትከሻ፣ በኮፍያ ጠርዝ ስር የሚያፏጭ አባት፤ ዜማው ከፍ በሚልበት ላይ ሆን ብሎ ዘለል ይልና እሷን ያስቃት ነበር። ይህን ዜማ ከዚያ ወዲህ ሰምታው አታውቅም። አባቷም ዳግመኛ አላፏጨውም።

"ደህና ነሽ ኢንስፔክተር?" አለ ዋልዶ።

"ደህና ነኝ። ዶን አንሴልሞ፣ ይህን ማን ይነቅላል?"

"ተቀናቃኝ፣ ወይም የተጣላ ባልደረባ። ሌላ ማን ይደፍራል?"

በመኪናው ውስጥ ሳጅን ዋልዶ ሲያስብ ቆይቶ "የባንኩ ሰው ፖልካ ሰማሁ አለ፤ እህትማማቾቹ ታንጎ" አለ። "እንዴት ነው ነገሩ?"

"የሰሙት የለመዱትን ነው። በዚያ መታጠፊያ ሲያልፉ ሁልጊዜ ሙዚቃ አለ፤ ስለዚህ ሰሙ። ያቺ የቴሙኮ ልጅ ግን ምንም ያልለመደች ናት። ዋልዶ፣ ባልደረባው ማን ነበር?"

"ከበሮ መቺው ትራንሲቶ። ከበሮውን በጀርባው አዝሎ፣ በእግሩ ገመድ እየጎተተ እየተሽከረከረ የሚጨፍረው። ድሮ አብረው ነበሩ፤ ከዚያ ተጣልተው ተለያዩ ይባላል።"

"እንሂዳ።"

*

ትራንሲቶ ኩቢዮስ ከዓሣ አጥማጆቹ መንደር ውስጥ መረብ እየጠገነ ነበር። ጉልበቱ ከከዳው ወዲህ ከበሮውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል። ሲያወራ ግን ጣቶቹ ጉልበቱ ላይ ምት ይመታሉ።

"እሑድ የት ነበርክ?" አለ ዋልዶ።

"አልጋ ላይ። ጉልበቴን አይታችሁታል? እስከ መታጠፊያው ለመድረስ እኔን በሕፃን ጋሪ መግፋት ሊኖርባችሁ ነው። ምራቴን ጠይቋት፤ ቀኑን ሙሉ ስትሰድበኝ ውላለች።"

"ከኒካኖር ጋር ተጣልታችሁ ነበር?"

"አልተጣላንም። እኔ መጨፈር አቃተኝ፤ እሱ ደግሞ ሌላ ከበሮ መቺ አልፈልግም አለ። ጥል የምትሉት ይህንን ከሆነ ተጣልተናል።"

ኦፌሊያ ዝቅ ያለች በርጩማ ስባ ከፊቱ ተቀመጠች። "ዶን ትራንሲቶ፣ ከኦርጋኑ ላይ አንድ ቫልስ በጉጠት የነቀለው ማን ነው?"

የሽማግሌው ጣቶች ቆሙ።

"እሱ ራሱ ነው" አለ። "ኒካኖር። እኔ መብራት ይዤለት ነበር። አንዷን ሚስማር በነቀለ ቁጥር ጥርስ የሚነቀልለት ይመስል ነበር። ከዚያ የተነቀሉትን በመሐረብ ጠቅልሎ ባሕር ጣላቸው።"

"ለምን?"

"አንቺ ልጅ ነበርሽ፤ አታስታውሺም።" ወደ ባሕሩ አላየም፤ መረቡን ነበር የሚያየው። "ያን ጊዜ አጥር የሚባል አልነበረም። እሑድ ነው፤ ሰዉ ተሰብስቧል። ኒካኖር ቫልሱን ሲጫወት፣ እኔ ስጨፍር፣ ሁሉም ወደኛ ዞሯል። ጀርባችንን ለባሕሩ የሰጠነው ሁላችንም ነን። አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ የወረቀት አበባዋን ነፋስ ወሰደባት፤ ልታነሳ ዐለቱ ላይ ወረደች። ማዕበል መጣ። ጩኸት እንኳ አልሰማንም። እናቷ ስሟን ስትጠራ ነው ዘፈኑን ያቆምነው።"

ኦፌሊያ ያን ቀን አስታወሰች፤ ምን እንደሆነ ሳታውቅ ለሠላሳ ዓመት ይዛው ኖራለች። ሰዎች ይሮጣሉ። አባቷ ከትከሻው አውርዶ ፊቷን ወደ ሆዱ አስጠጋት፣ አጥብቆ፣ እስኪያማት ድረስ። ከዚያ አንስቷት በፍጥነት ወደ ቤት ተመለሱ፤ እሷ የወረቀት አበባ አልተገዛልኝም ብላ መንገዱን ሙሉ አለቀሰች፤ አባቷ አንድም ቃል አልመለሰላትም።

"እናትየዋ በኋላ ኒካኖርን አንድ ነገር ብቻ ነው የለመነችው" አለ ትራንሲቶ። "ያን ዘፈን ሁለተኛ እንዳልሰማው አለችው። እሱም ማለላት። ቃሉንም ጠበቀ።"

"እናትየዋ አለች?"

"የት ትሄዳለች? ከዚያ ቀን ጀምራ ከዚያች ቦታ አልተነቃነቀችም" አለ ትራንሲቶ። "ኤልሲራ ናት እኮ።"

*

በማግስቱ ጠዋት ኦፌሊያ ብቻዋን መጣች፤ ዋልዶ መኪናው ጋ መንደሩ ውስጥ ቀረ፣ ተረከዜን አመመኝ ብሎ። ተረከዙ እንዳላመመው ሁለቱም ያውቁ ነበር።

ኤልሲራ ሊጥ እየዳመጠች ነበር። ቀና ብላ አየቻትና መዳመጫውን አስቀመጠች።

"ትላንት ትመጫለሽ ብዬ ነበር" አለች።

"ትላንት አላወቅኩም ነበር።"

"ግቢ። በጀርባ በኩል ነው።"

ማጀቱ ውስጥ፣ ከማገዶው ኋላ፣ የዱቄት ጆንያ ተደራርቦበት ኦርጋኑ ቆሟል። እጀታው ወልቆ ከላዩ ተቀምጧል። ኤልሲራ ጆንያዎቹን አላነሳችም፤ በእጇ ብቻ አሳየች። ሁለቱም ተመልሰው መደርደሪያው ጋ ተቀመጡ።

"እጄ ሊጥ ውስጥ ነበር" አለች። "በጠዋት ጋሪውን እየገፋ አለፈ፤ ሰላም ብሎኝ። ከዚያ ጀመረ። መጀመሪያ ጆሮዬ ነው የዋሸኝ ብዬ ነበር። ቆሜ ጠበቅኩ፣ ይቆማል ብዬ። አልቆመም። ወጣሁ። 'ኒካኖር፣ ተው' አልኩት። ደስ ብሎት ነበር፤ ፊቱ እንደ ሕፃን። 'አገኘሁት ኤልሲራ፣ የጠፋው ተገኘ' አለኝ። 'ማልክልኝ እኮ' አልኩት። ምን እንደምል አልገባውም። እያዞረ እያዞረ..." መዳመጫውን ወደ ጎን ገፋችው። "'ትንሿን ጥሪያታ' አለኝ። 'ሊዲያ የት ሄደች? ጥሪያትና ማርኬሳ ዕጣ ታውጣላት' አለኝ።"

ከውጭ የልጆች ሩጫ ተሰማ፤ አለፈ።

"እጀታውን ያዝኩት። እንዲቆም ብቻ። እሱም አልለቅም አለ፤ ዕድሜ ልኩን የያዘው እጀታ ነው። ሳብኩት፣ ሳበኝ። ከዚያ እጀታው ወልቆ እኔ እጅ ላይ ቀረ፤ እሱ ወደ ኋላ ሄደ። አጥሩ ጉልበቱ ላይ መታው።" እጆቿን ገለበጠቻቸው፣ አየቻቸው። "ገፍቼው ይሁን አይሁን ራሴን ጠይቄያለሁ። አልገፋሁትም እላለሁ። ግን ያን ሰዓት እጄ ውስጥ የነበረው ንዴት ነው ልጄ። ንዴቱን አልክድም።"

"ዓይኑን የከደኑት እርስዎ ነዎት።"

"ወርጄ። በዚያ ዐለት ላይ ከዚያ ቀን ወዲህ ወርጄ አላውቅም ነበር። ሞቷል። ኦርጋኑን ያስገባሁት ሌላ ሰው መጥቶ እንዳያዞረው ነው። ወፏ ደግሞ ምን አጠፋች። ልናገር አስቤ ነበር፣ ያቺ ልጅ ከሕፃኗ ጋር ደረሰችና ጮኸች። ከዚያ ሰው መጣ፤ ውሃ አምጪ አሉኝ፤ ውሃ ሰጠሁ። አፌ በዚያው እምቢ አለ።"

"አእምሮው እየጠፋ እንደነበር ያውቁ ነበር?"

"አሁን ነው የገባኝ። ያን ጊዜ የመሰለኝ እሱ ረስቶ እኔ ብቻ የቀረሁ ነው።" በሽርጧ እጇን ጠረገች። "አየሽ፣ ሊዲያን በስሟ የሚያስታውስ ሰው ከሱ ሌላ አልነበረም። በየዓመቱ በዚያ ቀን ሳይጫወት እዚህ መጥቶ ከኔ ጋር ይቀመጣል። አንዲት ቃል አንነጋገርም። እሱን ነው የገደልኩት።"

ኦፌሊያ አባቴም እዚያ ነበር፣ እኔም ነበርኩ ልትል አሰበችና ተወችው፤ የዚያን ቀን ሐዘን የተሸከመችው ሌላ ሴት ናት። "እዚህ ለምን ቆዩ ዶኛ ኤልሲራ?" አለች በመጨረሻ። "ሌላ ቦታ መሄድ ይችሉ ነበር።"

"የት ልሂድ? አስከሬኗ አልተገኘም። እሷ ያለችው እዚህ ነው።"

እሳቱን አጠፋች። የዘይቱን ድስት ከደነች፣ የተዳመጠውን ሊጥ በጨርቅ ሸፈነች፣ ሽርጧን አውልቃ ሚስማር ላይ ሰቀለች። ኦፌሊያ ካቴናውን ከኪሷ አላወጣችም።

ወደ መንደሩ አብረው ተጓዙ። ፀሐይዋ ሞቅ ብላ፣ ባሕሩ ረግቶ፣ የአዘቦት ቀን ቢሆንም መንገደኛ አልጠፋም። ሁሉም ኤልሲራን ያውቃታል። "ዛሬ ዘጋሽ እንዴ?" አሏት እህትማማቾቹ። "ዛሬ ዘጋሁ" አለች። አንድ አባት ብስክሌት የሚያስለምደውን ልጅ ይዞ "ስንመለስ ኤምፓናዳ አለ አይደል?" ብሎ ጠየቃት፤ "ዛሬ የለም የኔ ጌታ" አለችው። ኦፌሊያ እርምጃዋን ከሷ ጋር አስተካክላ ሄደች። ድሮ ረጅም ይመስላት የነበረው መንገድ አሁን አጭር ሆነባት፤ እንዲረዝም ፈለገች።

የመንገዱ መነሻ ላይ፣ ዋልዶ የመኪናውን በር ከፍቶ ከሚጠብቅበት ጥቂት ሲቀር፣ አንዲት ወጣት ሴት ትንሽ ልጅ አስከትላ መጣች። ልጅቷ ገና መራመድ የለመደች ናት።

"ይቅርታ እማማ" አለች ሴትየዋ ለኤልሲራ። "መንገዱ ለሕፃን ይሆናል?"

ኤልሲራ ቆመች። ትንሿን አየቻት፣ መንገዱን አየችው።

"ይሆናል የኔ ልጅ" አለች። "ሜዳ ነው፣ ብትሮጥም አትወድቅም። መታጠፊያው ጋ ስትደርሺ ብቻ እጇን ያዣት። እስክታልፉት ድረስ እንዳትለቂያት።"

ሴትየዋ አመስግና አለፈች። ኤልሲራ እስክትርቅ ድረስ በዓይኗ ሸኘቻት፤ ከዚያ ጎንበስ ብላ መኪናው ውስጥ ገባች።